ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ ፖርሴሊን ወይስ እብነ በረድ? ለቤታችሁ ወለልና ግድግዳ ዕቃ የመምረጫ ዝርዝር መመሪያ

ቤት ሠርቶ ፊኒሺንግ ላይ የደረሰ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው። ሻጩም የሚያብረቀርቀውን ያሳየዋል። ጥያቄው እንደዚያ ከተጠየቀ መልስ የለውም። ሳሎን ላይ የሚያምር ንጣፍ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እግር ይሰብራል። ግድግዳ ላይ ሃያ ዓመት የሚቆይ ሴራሚክ ወለል ላይ ሲነጠፍ ብዙም ሳይቆይ ይላጣል።

ልዩነቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዕቃው በምን እንደጠነከረና ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ማወቅ ይበቃል። ሲሚንቶ ውሃ ካልጠጣ አይረባም። ወለል ላይ የሚነጠፍ ሴራሚክ ደግሞ ውሃ ከጠጣ አይረባም። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

የምጽፈው አዲስ አበባና አካባቢዋ ቤት ለሚያሠራ ሰው ነው። ጂ+1 ቪላም ይሁን ባዶውን የተረከባችሁት ኮንዶሚኒየም፣ ሥራው አንድ ነው።

በመጀመሪያ፦ ዘራቸውን እንለይ

ጭቃ በፀሐይ ይደርቃል፤ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ኖራ በአየር ይጠነክራል። ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው። ዛሬ የምናውቀው ፖርትላንድ ሲሚንቶ እንግሊዝ ውስጥ ፓተንት የወጣለት በ1824 እ.ኤ.አ. ነውና፣ ያኔ ገና አልነበረም።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውሃ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አብረው ተፈጭተው 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ያልፋሉ። የሚወጣው ጠጠር መሰል ነገር ክሊንከር ይባላል። ክሊንከሩ ከትንሽ ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ ኬሚካላዊ ለውጥ ይጀምርና ለሳምንታት ይቀጥላል። በመድረቅ አይጠነክርም። እንዲያውም ቶሎ ከደረቀ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል።

ሴራሚክ የሚጠነክረው በእሳት ነው። ምጣድ፣ ጡብ፣ የእጅ መታጠቢያው ሳህንና ወለሉ ላይ ያለው ፖርሴሊን ሁሉም የተተኮሰ አፈር ናቸው። የሚለያቸው የአፈሩ ዓይነትና የእሳቱ ኃይል ነው። ምጣድ ዝቅ ባለ እሳት ስለሚተኮስ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀረዋል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸውም ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ከፍ ባለ ሙቀት ቢተኮስም አካሉ አሁንም ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የሚከለክለው ፊቱ ላይ ያለው ስስ ቅብ ብቻ ነው። ፖርሴሊን ግን 1200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከአፈሩ ውስጥ የተወሰነው ክፍል እንደ መስታወት ቀልጦ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ጀርባውም ውስጡም ውሃ አያስገባም ማለት ይቻላል።

ጄሶ፣ ማለትም ጂፕሰም፣ እንደ ሲሚንቶ በውሃ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላ ግን ውሃ አይችልም። ለኮርኒስና ለደረቅ ግድግዳ ይሁን፣ መታጠቢያ ቤት አታስገቡት። እብነ በረድና ግራናይት ተፈጥሮ የሠራቸው ድንጋዮች ናቸው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቆሙም ጠባያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ደረጃ 1፦ ክፍል በክፍል ወረቀት ላይ አስፍሩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የቤቱን ክፍሎች ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ውሃ በየቀኑ ይነካዋል? ስንት እግር ይረግጠዋል? ምን ይፈስበታል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሳሎን ላይ ቡና የሚፈላ ከሆነ ፍም መውደቁ አይቀርም። ወጥ ቤት ዘይትና በርበሬ ይፈሳል። በረንዳ ላይ በክረምት ጭቃ የያዘ ጫማ ይመላለሳል።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ አደርጋለሁ። ለመኝታ ቤት ገንዘብ አላባክንም፤ በደንብ የተሠራ ሊሾ ወይም መካከለኛ የወለል ሴራሚክ ይበቃል። ሳሎንና ኮሪደር ላይ የማያብረቀርቅ ፖርሴሊን ወይም ቴራዞ። ወጥ ቤት ወለሉ ፖርሴሊን፣ ግድግዳው ግን ተራ የግድግዳ ሴራሚክ። ግድግዳ ላይ ማንም አይራመድም፤ ለፖርሴሊን የሚከፈለው ትርፍ ብር ነው። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ትንንሽ ፍሬ ያለው ሻካራ ፖርሴሊን። ትንንሹ ወደ ውሃ መውረጃው ለማዝመም ይመቻል፣ መገጣጠሚያው ስለሚበዛም እግር ይይዛል። ውጭ ደረጃና መኪና ማቆሚያ ላይ ደግሞ ሻካራ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት።

ስለ ቴራዞ አንድ ነገር ልበል። የእብነ በረድ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተይዞ የሚሞረድ ወለል ነው። ሰው የድሮ ቢሮ ይመስላል ብሎ ይንቀዋል። ግን እነዚያ የድሮ ቢሮዎች ወለላቸው አሁንም አለ! ሲያረጅ እንደገና ይሞረዳል፤ ሴራሚክ ግን ቅቡ ከሄደ አለቀለት። ጥሩ ባለሙያ ካገኛችሁ በኮሪደር ላይ ከብዙ ፖርሴሊን አስበልጠዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ሲሚንቶውን ምረጡ

ማንኛውም ንጣፍ የሚያርፈው ሲሚንቶ ላይ ነው። ስለዚህ ከታች እንጀምር።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፦ ኦፒሲ እና ፒፒሲ። ኦፒሲ ከሞላ ጎደል ክሊንከርና ጂፕሰም ብቻ ነው። ፒፒሲ ውስጥ ደግሞ እንደ ፑሚስ ያለ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይ አብሮ ተፈጭቷል። ስምጥ ሸለቋችን ይህን ድንጋይ ሞልቶታል። ፒፒሲ እንደሚታማው የተበረዘ ሲሚንቶ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ቀስ ይላል እንጂ ውሃ ካልተነፈገ በኋላ ይደርሳል። ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ነው፣ ለልስንም ይመቻል። ለግንብ፣ ለልስንና ለወለል ማስተካከያ ፒፒሲ ግዙ። ለሶሌታ፣ ለኮሎንና ለቢም (ቤቱን ለሚሸከሙት የአርማታ ክፍሎች) ግን መሐንዲሱ ያለውን ስሙ፤ ብዙ ጊዜ ኦፒሲ ነው የሚታዘዘው።

ከረጢቱ ላይ 32.5 ወይም 42.5 የሚል ቁጥር አለ። በ28 ቀን የሚደርስበት ጥንካሬ ነው፣ በሜጋ ፓስካል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የ«አር» ፊደል ካለ ቶሎ የሚጠነክር ነው።

ዋጋ ስትጠይቁ «በኩንታል ነው በከረጢት?» በሉ። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ ኩንታል ሲባል ሁለት ከረጢት ማለት ነው። በዚህች ብቻ ስንቱ ሂሳብ ተምታቷል።

የፋብሪካው ስም ብዙ አያስጨንቃችሁ። ድሬዳዋ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ፋብሪካ ከተተከለ ወዲህ ሙገሩ፣ መሰቦው፣ ደርባው፣ ዳንጎቴው፣ ሐበሻው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ለሚም ተጨምሯል። ለእናንተ ከስሙ ይልቅ ዕድሜው ይበልጣል። የተመረተበትን ቀን ፈልጉ። ከሦስት ወር ያለፈው ሲሚንቶ በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ የአየሩን እርጥበት ሲጠጣ ከርሟል። እጃችሁ ላይ ካለ ለልስን አውሉት እንጂ ለአርማታ አትመኑት።

የከረጢቱን ጠርዝ በጣታችሁ ጫን በሉት። ከጠጠረ ተጠራጠሩ። ከፍታችሁ እጃችሁን ስታስገቡ ቀዝቀዝ የሚል፣ እንደ ጥሩ ዱቄት በጣት መካከል የሚያልፍ መሆን አለበት። እብጥ ካገኛችሁ በሁለት ጣት ጨፍልቁት። ወዲያው ወደ ዱቄት ከተመለሰ ሲደራረብ የተጫነው ነው፣ ምንም አይልም። አልፈርስ ካለ ውሃ ጠጥቷል፣ መልሱት።

ሳይት ላይ ስታስቀምጡ ከመሬት በጣውላ ከፍ አድርጉት። ከግድግዳ አርቁት። ከ10 ከረጢት በላይ አትደርድሩ። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ክረምት ላይ ላስቲክ ማልበስ ብቻውን አያድንም፤ እርጥበቱ ከታችም ይመጣል።

ደረጃ 3፦ አሸዋውን ፈትሹ

ሲሚንቶ ላይ የሚጨነቅ ሰው አሸዋ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። የመቂም ይሁን የላንጋኖ ወይም የቆቃ፣ መኪናው ሲገለበጥ ማየት ብቻ አይበቃም። አፈር የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶው እንዳይዝ ያደርገዋል፤ ልስኑም በጥፍር ይፋቃል።

የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ቀሪውን እስከ አንገቱ ድረስ ውሃ ሙሉ። ቆንጥራ ጨው ጨምሩበትና በደንብ ነቅንቁት። ቀጥ ባለ ቦታ አስቀምጡና ጥቂት ሰዓት ተዉት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ ጭቃው እንደ ክሬም ከላይ ይሰፍራል። ሁለቱን በማስመሪያ ለኩ። የጭቃው ውፍረት ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ለምሳሌ አሸዋው 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሹፌሩ ቆሞ እያየ ቢሆን ይመረጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይጠነቀቃል።

ደረጃ 4፦ ወለሉን አስተካክሉ፣ ወይም ሊሾ ሥሩ

ከሴራሚክ በታች የሚገባውም ሊሾ ሆኖ የሚቀረውም ወለል አሠራሩ ይቀራረባል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አሸዋ። መለኪያው አንድ ዓይነት ሣጥን ይሁን። በአካፋ መቁጠር ጥሩ አይደለም፤ የጠዋት አካፋና የከሰዓት አካፋ አይተካከልም።

20 ካሬ ሜትር ሳሎን በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስታነጥፉ አንድ ሜትር ኩብ ሞርታር (የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ቅልቅል) ይፈልጋል። በአንድ ለሦስት ቅልቅል ወደ 9 ከረጢት ሲሚንቶ ይገባዋል። ባለሙያው 5 ከረጢት ይበቃል ካላችሁ፣ ወይ ውፍረቱን ቀንሷል ወይ ቅልቅሉን። ጠይቁት።

ውሃ ላይ ሠራተኛው ይለግሳል። ቀጠን ያለ ለመግፋት ይቀላል። ግን ለኬሚካላዊ ለውጡ ከሚያስፈልገው በላይ የገባ ውሃ ሲተን ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ወለሉ ይደክምና ይሰነጠቃል። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማይንጠባጠብ ቡኮ ለወለል ጥሩ ነው።

ሊሾ ለሚሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። ወለሉ ላይ ውሃ ሲቋጥር ደረቅ ሲሚንቶ በትኖ ማለስለስ የተለመደ ነው። ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ግን ላይኛው ሽፋን ከታችኛው በላይ ሲሚንቶ ስለሚበዛበት ይኮማተርና እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ውሃው እስኪመጠጥ ጠብቁ፤ ከዚያ ለብቻው የተበጠበጠ ስስ የሲሚንቶ ቅልቅል አልብሱና በብረት ማለስለሻው ደጋግማችሁ እሹት።

ከዚያ ውሃ ማጠጣት። ከጥቅምት እስከ ጥር አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ነፋሱም ደረቅ። አዲስ ወለል በአንድ ከሰዓት ውስጥ ውሃውን ያጣል። ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋትና ማታ አርጥቡት፣ ላስቲክ ካለ ከላይ ጨምሩ። ቢያንስ 7 ቀን፤ ፒፒሲ ከሆነ እስከ 14 ቀን ግፉበት። ይህን የሚያደርግ ዘበኛ ከማንኛውም ባለሙያ በላይ ወለላችሁን ያጠነክረዋል። በቀን ሁለት ጊዜ ፎቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ፤ በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ በስልክ የምታሠሩ።

ሴራሚክ የሚነጠፍበት ከሆነ አንድ ወር ገደማ ይረፍ። ወለሉ ገና እየተኮማተረ ከተነጠፈበት ሴራሚኩ ይነሳል።

ያረጀ የጭቃ ቤት ላላችሁ፦ ጭቃ ላይ በቀጥታ ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን አትለጥፉ። ጭቃው በእርጥበት ያብጣል፣ ይሸሻል። ሲሚንቶው አይከተለውም፤ በቁራጭ ይረግፋል። የሽቦ መረብ በሚስማር አስይዛችሁ ኖራ የበዛበት ለስለስ ያለ ልስን ብትጠቀሙ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ውስጥ ሴራሚኩን ገልብጡት

ተክለ ሃይማኖትም ሂዱ መርካቶ፣ ፊቱን አይታችሁ አትወስኑ። ፍሬውን ገልብጡና ያልተቀባው ጀርባ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ አድርጉ። ከኪሳችሁ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ጠብታው ወዲያው ከተመጠጠና ጥቁር ምልክት ከቀረ የግድግዳ ሴራሚክ ነው። ቀስ ብሎ ከገባ መካከለኛ የወለል ሴራሚክ። ክብ ሆኖ ከቆመና ስትጠርጉት ምንም ካልቀረ ፖርሴሊን ነው።

በዓለም አቀፉ ደረጃ ፖርሴሊን የሚባለው የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የማይበልጥ ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። ፖርሴሊን ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ፖርሴሊን አይደለም። ለትልቅ ሥራ የምትገዙ ከሆነ አንድ ፍሬ ለናሙና ወስዳችሁ ቤት ውስጥ መመዘን ትችላላችሁ። ቁራጩን ምድጃ ውስጥ በደንብ አድርቁና በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ለ2 ሰዓት ቀቅሉት፣ እዚያው ውሃ ውስጥ 4 ሰዓት ተዉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑ። 400 ግራም የነበረው 401 ከሆነ 0.25 በመቶ ነው፤ አሪፍ ፖርሴሊን። 448 ከሆነ 12 በመቶ ጠጥቷል፤ ወደ ግድግዳ ይሂድ።

ቀጥሎ ሁለት ፍሬ ፊት ለፊት አጋጥሙ። መሃሉ ላይ ብርሃን ካያችሁ ጎብጧል። ትልልቁ፣ በተለይ 60 በ120 የሆነው፣ ትንሽ ቢጎብጥ እንኳ ከተነጠፈ በኋላ ጠርዙ እግር ያደናቅፋል። በጣት አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ያለው በደንብ የተተኮሰ ነው፣ የታፈነ ድምፅ ያለው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

የሚያብረቀርቅ ፖርሴሊን ላይ ትንሽ ማርከር ወይም ቡና አድርጋችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ጥረጉ። ሲሞረድ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉና ጥራቱ ዝቅ ያለው እድፉን ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ግን ሻጩን አስፈቅዱ።

መንሸራተትን በተመለከተ «አር» የሚል ፊደልና ቁጥር ጠይቁ። አር9 ለደረቅ ክፍል ነው። ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት አር10፣ ለውጭ ደረጃና ለራምፕ አር11። በቅብ የተሸፈነ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ «ፒኢአይ» የሚል፣ ቅቡ በእርግጫ መፋቅን ምን ያህል እንደሚችል የሚያሳይ መለኪያ አለው፤ ለመኖሪያ ቤት ወለል 3፣ ለኮሪደርና ለሱቅ 4 ፈልጉ። የቻይናም ይሁን የህንድ፣ የስፔን ወይም የአገር ውስጥ፣ ቁጥሩ ከአገሩ ስም በላይ ይናገራል።

ደረጃ 6፦ ድንጋይ ከሆነ ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ

እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ አይችልም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ለስላሳ መጠጥ ሁሉም ፊቱን ይበሉታል። እድፍ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ተበልቶ ነው የደበዘዘው፣ በሳሙና አይመለስም። ግራናይት በአመዛኙ ኳርትዝና ፌልድስፓር ስለሆነ ሎሚ አያሳስበውም። በቁራጭ ናሙና ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፤ እብነ በረድ ከሆነ ትንሽ አረፋ ታያላችሁ፣ ስትጠርጉት ፊቱ ደብዝዟል።

ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው የዳለቲ እብነ በረድ ያምራል፣ ሳሎን ላይና ደረጃ ላይ ይገባዋል። ለወጥ ቤት መከተፊያ ጠረጴዛ ግን ግራናይት። ሰላጣ የሚከትፍ ቤት እብነ በረድ ላይ ብሩን አያፍስስ። ቴራዞ፣ ሊሾና የሴራሚክ መሃል መሙያውም ሲሚንቶ ስላለባቸው አሲድ ይጎዳቸዋል።

ደረጃ 7፦ አስልታችሁ ግዙ፣ ካርቶኑን አንብቡ

4 በ5 ሜትር ሳሎን 20 ካሬ ነው። ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ጨምሩ፣ 22 ካሬ። በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15 በመቶ ይሻላል። 60 በ60 ብዙ ጊዜ በካርቶን 4 ፍሬ ነው፤ 1.44 ካሬ ሜትር። 22ን ለ1.44 ስታካፍሉ 15.3 ይመጣል፤ 16 ካርቶን ግዙ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዙ። ካርቶኑ ላይ የቀለሙን ምድብና የልኩን ምድብ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሁለቱ ቁጥሮች በሁሉም ካርቶን ላይ አንድ ካልሆኑ፣ ሞዴሉ ያው ቢሆንም ወለሉ ላይ ድንበር ይሠራል። ከሱቅ ሳይወጣ እያንዳንዱን ካርቶን ተመልከቱ። በስልክ የምታሠሩ ከሆነ የእያንዳንዱ ካርቶን ጎን ፎቶ ይላክላችሁ።

ደረጃ 8፦ ማንጠፍ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚበላሸው፤ ለብቻው ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የግድግዳ ሴራሚክ በሞርታር የሚለጠፍ ከሆነ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ካልተነከረ የሞርታሩን ውሃ መጥጦ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያስቀረዋል። ፖርሴሊንን መንከር ግን ትርጉም የለውም፤ አይጠጣም። አለመጠጣቱ ጥሩ ጎኑ ሲሆን እዚህ ላይ ግን ጣጣ ነው፦ ተራ ሞርታር የሚይዘው ነገር አያገኝም። ዛሬ ቢያዝ በዓመቱ ይነሳል። ለፖርሴሊን ፖሊመር ያለበት የሴራሚክ ማጣበቂያ ግዙ፤ ከረጢቱ ላይ «ሲ2» የሚል ምልክት ፈልጉ። ባለሙያው «በሲሚንቶ ስንሠራ ኖረናል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ያኔ ግን የሚያነጥፈው ውሃ የሚጠጣ ሴራሚክ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ቡኮውን በአምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ ሴራሚኩን መጫን ነው። ማዕዘኖቹ ከሥራቸው ባዶ ይቀራሉ። የቁም ሣጥን እግር ባዶው ላይ ሲያርፍ ይሰነጠቃል። ማጣበቂያው በጥርሳም መቀቢያ ወለሉን ሁሉ መሸፈን አለበት፤ ለ60 በ60 ጥርሱ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የሴራሚኩም ጀርባ ስስ ቅብ ይቀባ። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ፤ በክብ ከተሳሉ አየር ይታፈናል። ሥራው ሲጀመር ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ፍሬ «አንሳልኝ» በሉት። ጀርባው ሙሉ በሙሉ በማጣበቂያ ካልተሸፈነ ያው ነገር በሁሉም ላይ ይደገማል። ያኔ ማስቆም ቀላል ነው።

በፍሬዎቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት በስፔሰር ይያዝ። «ክፍተት የሌለው ያምራል» የሚል ባለሙያ አትስሙ። ከግድግዳው ጥግ ዙሪያውን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ባዶ ይቀር፤ ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ጠርዝ) ይሸፍነዋል። ወለል በሙቀት ይሰፋል፣ መሄጃ ካጣ መሃሉ ላይ እንደ ድንኳን ይነሳል።

ሴራሚክ ሲቆረጥ በውሃ ይቆረጥ፣ ሠራተኛው ጭንብል ያድርግ። የሚቦነው አቧራ ሲሊካ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል። እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንት መግዛት አይከብድም።

ከ24 ሰዓት በኋላ ክፍተቱን በመሙያው ዝጉ። ከዚያ በሳንቲም እያንዳንዱን ፍሬ፣ በተለይ ማዕዘኖቹን፣ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሰጠውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ክፍያው ከማለቁ በፊት ይቀየር፤ ከተከፈለ በኋላ ስልክ የሚያነሳ አታገኙም።

ደረጃ 9፦ መታጠቢያ ቤት

ሴራሚክ ውሃ አያስተላልፍም፣ መገጣጠሚያው ግን ያስተላልፋል። ከሴራሚኩ በፊት ውሃ የሚከላከል ሽፋን ካልተቀባ የጎረቤት ኮርኒስ ላይ ካርታ ትስላላችሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የስንቱ ጠብ መነሻ ይህ ነው።

ወለሉ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዝምም። የመከላከያው ሽፋን ወለሉን ሁሉ፣ ግድግዳው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሻወሩ አካባቢ ደግሞ ሰው ቁመት ድረስ ይቀባ። ቢያንስ ሁለት እጅ ይሁን፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ ይቀባ። ማዕዘኖቹና የቧንቧው ዙሪያ በመረብ ይጠናከሩ። ሲጠነክር መውረጃውን ድፈኑና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ሞልታችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። የውሃውን ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ። በማግስቱ መስመሩንና ከሥር ያለውን ጣራ እዩ። እርጥበት ከሌለ ሴራሚኩ ይቀጥል።

ከዚያ በኋላ

አዲስ ወለል ላይ የቀረ ስስ የሲሚንቶ ሽፋን ለማጽዳት ሠራተኞች አሲድ ያፈስሳሉ። ፖርሴሊኑ ይችለዋል፤ መሃል መሙያው ግን ይበላል፣ እብነ በረድና ቴራዞ ላይማ ጭራሽ አይሞከርም። መጀመሪያ ሞቅ ባለ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ ሞክሩ። ለዕለት ተዕለት ጽዳት ለስላሳ ሳሙና ይበቃል።

የተረፈውን አንድ ካርቶን ለሠራተኛው አትስጡ። የቀለሙና የልኩ ቁጥር ያለበትን የካርቶን ጎን ቆርጣችሁ ከቤቱ ፕላን ጋር አስቀምጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቧንቧ ለመጠገን ሦስት ፍሬ ቢሰበር ያንን ሞዴል ገበያ ላይ አታገኙትም።